ገሃነም፣ ሁለት ሰው የቀረው!

ከከተማው ጠርዝ፣ መንገዱ ቁልቁል ተንሸራትቶ ከሚያልቅበት ሸለቆ ውስጥ፣ ሰው እንደማንኛውም ሰፈር ልብስ አጥቦ የሚያሰጣበት፣ ልጅ ወልዶ የሚያሳድግበት፣ ከጎረቤት ተጣልቶ የሚታረቅበት አንድ መንደር አለ። ስሙ ገሃነም ነው። ማሾፍ አይደለም፤ ስሙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድሮ ጊዜ ሸለቆው ውስጥ የኖራ ድንጋይ ተገኘና ማቃጠያ እቶኖች ተተከሉ። ከታች እሳት፣ ከላይ ነጭ ጭስ፣ መሀል ላይ ደግሞ ከፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ኖራ የለበሱ፣ ዓይናቸው ብቻ ብልጭ ብልጭ የሚል ሰዎች። አንድ መንገደኛ አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል አየና «ይሄስ ገሃነም ነው!» ብሎ ጮኸ ይላሉ። ከሠራተኞቹ አንዱ ቀና አለና «ታዲያ ምን ቆመሃል? ቦታ ሳይሞላ ግባ እንጂ!» አለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ስም ያወጣለት የለም።

ስም ደግሞ እንደ ጥንቸል ነው፤ አንዱ ከገባ ይራባል። ወደ መንደሩ የሚያስገባው ጠባብ ቁልቁለት «ሲኦል ቁልቁለት» ተባለ። ድንጋዩ ተፈልጦ ያለቀበት ግዙፍ ጉድጓድ «እንጦሮጦስ» ሆነ። ሰው ታክሲ የሚጠብቅበት አደባባይ፣ ወረፋው የማያልቅ በመሆኑ፣ «ፍርድ ቀን» ተባለ። ከቁልቁለቱ አናት ላይ ያለው ሱቅ «ንስሐ» ነው፤ ጨው ወይም ክብሪት የረሳ ሰው እዚያ ካላሰበበት፣ አንዴ ከወረደ በኋላ መመለሻ የለውምና። የሰፈሩ አንድ ለእናቱ የሆነው ቧንቧም «የአልዓዛር ጣት» ነው፤ ጠብ… ጠብ… ከማለት በቀር ወርዶ አያውቅም።

የታክሲ ረዳቶች ፍርድ ቀን ላይ ቆመው «ገሃነም! ገሃነም! ሁለት ሰው የቀረው!» እያሉ ሲጮኹ የሰፈሩ ሰው ዞር ብሎም አያይም። እንግዳ ሰው ሲደነግጥ ግን ረዳቶቹ ይብስባቸዋል። «ግቡ እንጂ! ቀጥታ ነው፣ የትም አንቆምም!»

የዚህ ታሪክ ባለቤት የተወለደችው እዚያ ነው። አባቷ እቶን ለኳሽ ነበር። በልጅነቷ ከመቅጠኗ የተነሳ ሰው ሁሉ ሲያዝንላት አባቷ «ተዉአት፣ ሽቦ ናት፤ ትታጠፋለች እንጂ አትበጠስም» አለ፤ ሽቦ ተብላ ቀረች።

አባቷ በቀልድ የሚኖር ሰው ነበር። ጠዋት ምሳውን ይዞ ሲወጣ «በሉ ልግባ፣ ሳጥናኤል ቀሪ አይወድም» ይላል። ብርድ በጠናበት ሰሞን እጁን እያፋተገ ይገባና «እኛን ገሃነም ውስጥ እንዲህ ካንቀጠቀጠን፣ ገነት ያሉት ምን ሊውጣቸው ነው!» ይላል። እናቷ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን የሰማህ ጊዜ!» እያለች ጣሪያውን ታያለች፤ ግን ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ስትውጥ ሽቦ ብዙ ጊዜ ይዛታለች።

መከራው የጀመረው ትምህርት ቤት ስትገባ ነው። አዲሷ መምህርት መዝገብ ዘርግታ አንድ በአንድ ትጠይቃለች።

«አድራሻ?»

«ገሃነም።»

መምህርቷ ብዕሯን አስቀመጠች። «የት ነው የምትኖሪው ነው ያልኩሽ።»

«ገሃነም።»

«ከማን ጋር?»

«ከእናትና ከአባቴ ጋር።»

ወላጆቿን የምትሰድብ ባለጌ ተብላ ጥግ ላይ ቆመች። በማግስቱ አባቷ ኖራው ከቅንድቡ ሳይራገፍ መጣና ባርኔጣውን አውልቆ «መምህር፣ ልጄ አልዋሸችም፤ የምንኖረው ገሃነም ነው። ካላመኑ አንድ ቀን ብቅ ይበሉ፣ በደንብ እናስተናግድዎታለን» አላት። መምህርቷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ክፍሉም ሳቀ። ክፍሉ ግን ሳቁን እዚያ አላቆመም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ «የገሃነም ልጅ» ሲላት ኖረ።

ቤት ውስጥ የሚያስቅ ቃል ከቤት ሲወጣ እሾህ እንደሚሆን ሽቦ ያኔ አወቀች። ከፍ ስትል ሰፈሯን ሲጠይቋት «ከድልድዩ ወዲያ» ማለት ጀመረች። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ የሰፈሩን ስም በወረቀት ላይ «ብሩህ ተስፋ» ብሎ ቀየረው። ሰፈሩ ውስጥ ይህን ስም የተጠቀመ አንድም ሰው አልነበረም፤ ከሽቦ በስተቀር። እሷ እንደ አዲስ ቀሚስ ለበሰችው።

ባል ስታገባም ይኸው ነው። ባሏ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የላይኛው ሰፈር ልጅ። እናቱ የልጅቷን ወላጆች ለማየት ተነሡና ፍርድ ቀን ላይ ቆመው «ብሩህ ተስፋ የቱ ነው?» እያሉ ሲጠይቁ አረፈዱ። በመጨረሻ አንድ ረዳት አዘነላቸውና «እማማ፣ ገሃነም ማለትዎ ነው? ይግቡ፣ የእርስዎ ቦታ ተይዟል» አላቸው። በጃንጥላቸው መቱት። ከዚያ በኋላ በየሄዱበት ግብዣ «ልጄ ገሃነም ድረስ ወርዶ ሚስት ይዞ የወጣ ጀግና ነው» እያሉ ማውራት ያዙ። ሰው በሳቅ ይንከተከታል። ሽቦም ትስቃለች፤ ግን በጥርሷ ነው።

ሥራዋ የአደጋ ጥሪ መቀበያ ማዕከል ነው። አንድ ሰፊ ክፍል፣ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው ላይ አንድ ኮምፒውተር ከነካርታው፣ አንድ ማዳመጫ። በመስኮቱ ቁልቁል የእሳት አደጋ መኪኖቹና አምቡላንሶቹ ይታያሉ። ሽቦ ሰባተኛው ጠረጴዛ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። ጆሮዋ የተመሰከረለት ነው። ደዋዩ እያለቀሰም፣ እየጮኸም፣ አፉ ተሳስሮም፣ ከጀርባው ከሚሰማው ድምፅ ያለበትን ታውቃለች። «የባቡር ፊሽካ ሰምቻለሁ፤ ከሐዲዱ አጠገብ ነዎት?» ስትል ደዋዩ ራሱ ይደነግጣል። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የየት ልጅ እንደሆነች አንድም ሰው አያውቅም። «ብሩህ ተስፋ» ትላለች፤ «ጥሩ ሰፈር ነው አሉ» ይሏታል፤ ወሬው ያልፋል።

ከጎኗ ስምንተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው ባልደረባዋ ሸጋው ይባላል። ፀጉሩ ሁልጊዜ የተበጠረ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው። አንድ ጠባይ ብቻ ነበረው፦ ካርታው ላይ የሌለ ነገር ለእሱ ዓለም ላይ የለም። በዚያ ላይ የሚቀልዱ ደዋዮች አስመርረውታል።

ያ ቀን ማክሰኞ ነበር። ሦስት ቀን ሲያወርደው የሰነበተው ዝናብ ገና አባርቷል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥታለች። ሽቦ አዝራር የዋጠ ሕፃን የያዘች እናት ታነጋግራለች። በግራ ጆሮዋ ሸጋው ሲናገር ይሰማታል።

«አባት፣ ቀስ ይበሉ። የት ወረደ አሉኝ? … እንጦሮጦስ?» ሸጋው ማዳመጫውን በእጁ ሸፈነና ወደ ክፍሉ ዞረ። «ሰው እንጦሮጦስ ወረደብን ይላሉ!» ክፍሉ ሳቀ። ሸጋው ወደ ስልኩ ተመለሰ። «አባት፣ ይህ መስመር የቀልድ አይደለም።» ዘጋው።

ሽቦ ስሙን ስትሰማ ወደ ሸጋው ዞረች።

ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ተደወለ፤ አሁንም እሱው ጋ ገባ። «ገሃነም ማን ይምጣልዎ? … አባት፣ ሰውዬው ሞቶ ከሆነማ እንጦሮጦስ መውረዱ የሥራው ነው!» ዘጋና ራሱን ነቀነቀ። «ጠዋት ጠዋት የሚጠጣ ሰው…»

ሽቦ አፏን ከፈተች። ቦታው አለ፣ እውነት ነው ልትል ነበር። ከዚያ አሥራ ሁለቱ ጠረጴዛ፣ ሳቁ፣ የትምህርት ቤቱ ጥግ፣ ስምንት ዓመት የሰማችው ስድብ አንድ ላይ መጡባት። ዝም አለች። አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው፤ ግን ያቺን አንድ ትንፋሽ እስከ ዛሬ ለራሷ ይቅር አላለችም። እናትየዋ «ተፋው! አዝራሩን ተፋው!» ብላ በደስታ ስትጮህ ሽቦ መስመሩን ዘጋች። ወዲያው ስልኳ ጠራ።

«የአደጋ ጥሪ ነው፤ ምን እንርዳዎ?»

«አንቺም ልትዘጊብኝ ነው?» አለ አንድ የተጎረነነ፣ ኖራና ትንባሆ የበላው ድምፅ።

ድምፁን ሺህ ሰው መሀል ታውቀዋለች። የአባቷ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ሰፈሩ ጭስ ነው የሚለው። አባቷ ሲሞት አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ነው።

«ጋሼ ጭስ! እኔ ነኝ! ሽቦ!»

«ሽቦ? የለኳሹ ልጅ? ተመስገን፣ ሰው አገኘሁ! ልጄ፣ ታፔላ ተካዩ እንጦሮጦስ ገባ!»

«የምን ታፔላ?»

«ማዘጋጃ ቤት የላከው! ‹ብሩህ ተስፋ› የሚል ትልቅ የብረት ታፔላ ሊተክል መጣ። አፋፉ ላይ ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ዝናቡ አረስርሶት ኖሮ መሬቱ ከሥሩ ሄደ። እሱም፣ ታፔላውም ቁልቁል!»

«በሕይወት አለ?»

«አለ! የታፔላው ምሰሶ ሁለት ድንጋይ መሀል ተቀርቅሮለት እሱ ላይ ተንጠልጥሏል። ብሩህ ተስፋ ላይ ነው ያለው፤ ተስፋው ግን እየተጣመመ ነው፣ ቶሎ በሉ!»

ሽቦ ብድግ አለች። ወንበሯ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግድግዳውን መታ። አሥራ አንድ ዓመት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ክፍሉ እስኪናወጥ ጮኸች።

«ቦታው አለ! ገሃነም የሚባል ቦታ አለ! እኔ የገሃነም ልጅ ነኝ፣ እዚያ ነው የተወለድኩት! ሰው ጉድጓድ ውስጥ ነው! የእሳት አደጋ መኪና፣ ገመድና መሰላል፣ አምቡላንስ፣ አሁኑኑ!»

ሸጋው ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። ከዚያ ሁሉም እጅ በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከመስኮቱ ሥር ሞተሮች ሲነሡ፣ ሳይረን ሲያፏጭ ተሰማ። ሽቦ በአንድ ጆሮዋ የጭስን ስልክ፣ በሌላው የእሳት አደጋ መኪናውን ሬዲዮ ይዛለች። አለቃው፣ ሃያ ዓመት እሳት ሲያጠፋ የኖረ ረጋ ያለ ሰው፣ ጠየቃት።

«ሰባት ቁጥር፣ ወዴት ነን?»

«ገሃነም!»

«አልሰማሁም፣ ድገሚው።»

«ገሃነም ግቡ ነው የምልዎት!»

«ምን በደልንሽ እህቴ?» አለ አለቃው።

ሳቅም እንባም መጣባት። «የሰፈር ስም ነው አለቃ! ፍርድ ቀን እስኪደርሱ ድረስ ቀጥ ብለው ይንዱ!»

«እስከዚያማ ማን ይቆያል!»

«አደባባዩን ነው! የታክሲ ተራ ያለበት! ከዚያ ንስሐን በግራ ይተዉት። ሱቅ ነው። በሲኦል ቁልቁለት እንዳትወርዱ፣ ጭቃ ነው፤ መኪናው ከገባ አይወጣም። ከሱቁ ጀርባ የድሮ የጋሪ መንገድ አለ፣ ለአባቴ ምሳ የማደርስበት ነበር። ሰፊ ነው፤ የተዘጉት እቶኖች ግቢ ያደርሳችኋል፤ ከግቢው እንጦሮጦስ ሃምሳ እርምጃ ነው።»

«ገባኝ። ግቢው ክፍት ነው?»

ሽቦ ወደ ሌላኛው ጆሮዋ ዞረች። «ጋሼ ጭስ፣ የእቶኖቹ ግቢ በር?»

«ተቆልፏል!»

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እናትሽ ጋ ነዋ! ጎመን ዘርታበት የለ!»

ሽቦ ወደ ሬዲዮው ዞረች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው። «አለቃ፣ በሩ ይከፈታል። የገሃነም ቁልፍ እናቴ ጋ ነው።»

«እናትሽ ማን ናቸው ለመሆኑ?»

«ይንዱ ብቻ!»

አሁን ስልክ ያልያዘ ሁሉ ከሰባተኛው ጠረጴዛ ጀርባ ቆሟል። ሽቦ ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው። ከወዲያ ማዶ የሰው ጫጫታ፣ የውሻ ጩኸት፣ የሴቶች «ኧረ በሕግ!» ይሰማል።

«ጋሼ ጭስ፣ አሁን የምልህን አድርግ። ሰው ሁሉ ከአፋፉ ይራቅ። ሃያ እርምጃ! መሬቱ ገና አልጨረሰም።»

«ወግዱ! ወግዱ ተብላችኋል! የለኳሹ ልጅ ናት ያለችው!» አለ ጭስ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ሽቦ፣ ምሰሶው ጮኸ» አላት። «ብረቱ ጮኸ፣ ልጄ። መኪናውን አይጠብቅም።»

ሽቦ ለአለቃው ነገረችው። አለቃው አልተደናገጠም። «እስክንደርስ አምስት ደቂቃ ነው። እዚያ ገመድ አለ? ገመዱን የሚያስሩበት የማይነቀል ነገር አለ?»

አለ! የመጀመሪያው እቶን የብረት ዓምድ ከአፋፉ ሩቅ አይደለም፤ አባቷ ሲደክመው ጀርባውን የሚያስደግፍበት፣ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ዓምድ። ገመዱንም ጭስ ራሱ አሰበው፤ የድሮው የድንጋይ መጎተቻ ገመድ ቤቱ ጣሪያ ሥር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ የኖራ ሠራተኞች፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሳል የማይለቃቸው፣ ገመዱን ተቀባብለው አመጡት። ዓምዱ ላይ ጠመጠሙት። ጭስ በሆዱ ተኝቶ፣ ሁለት ሰው እግሩን ይዞት፣ ወደ አፋፉ ተሳበ። ስልኩን አንድ ጎረቤት ሴት ተቀበለችው።

«ምን ይበለው? ቶሎ በይ!»

አለቃው ይነግራታል፣ ሽቦ ትደግማለች፣ ጎረቤቷ ትጮኻለች፣ ጭስ ጉድጓዱ ውስጥ ያስተጋባዋል። «ገመዱን በብብትህ ሥር አዙር! … በአንድ እጅህ ብቻ፣ ሌላውን እንዳትለቅ! … ሁለት ጊዜ ቋጥረው! … ቁልቁል አትይ!»

«አሰረ?» አለች ሽቦ።

«እያሰረ ነው … እያሰረ ነው … እጁ ይንቀጠቀጣል … አንዱን ቋጠረ …»

የመኪናው ሳይረን በስልኩም በሬዲዮውም ሲሰማ ከአፋፉ የሴቶች እሪታ ተነሣ፤ ቀጥሎ ብረት ድንጋይ እየላጠ ቁልቁል ሲሄድ፣ ከዚያም ከጥልቁ «ጓ!» የሚል ድምፅ።

ከጀርባዋ የቆሙት ሁሉ ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ አሉ።

«ሄደ?» አለች ሽቦ። «ሄደ?»

«ታፔላው!» አለች ጎረቤቷ እያለቀሰች፣ እየሳቀች። «ታፔላው ነው የሄደው! ሰውዬው ገመዱ ላይ ነው! ይዘውታል! ሽማግሌዎቹ ይዘውታል!»

አሥራ ሁለቱ ጠረጴዛ አንድ ላይ ፈነዳ። ሰው ከሰው ጋር ተቃቀፈ። ሸጋው ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። በሬዲዮው የአለቃው ሰዎች ሲሮጡ፣ መሰላል ሲዘረጋ ይሰማል። የሽቦ እናት በሩን ከፍታ ከጎመኗ መሀል ቆማ «በዚህ! በዚህ! ጎመኑን ርገጡት፣ ግድ የለም!» ስትል ልጇ በስልክ ሰማቻት።

ታፔላ ተካዩን ሲያወጡት ሁለት ጎድኑ ተሰብሯል፤ ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ ነው። ሣር ላይ አስተኙት። ዓይኑን ገለጠና በዙሪያው የከበቡትን ሽማግሌዎች አየ።

«የት ነው ያለሁት?» አለ።

«ገሃነም ነህ» አለችው ጎረቤቷ በርኅራኄ፤ «አይዞህ፣ ደህና ነህ።»

ሰፈሩ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሰውዬውም ሳቀ፤ ጎድኑን ይዞ፣ «አታስቁኝ፣ በናታችሁ አታስቁኝ» እያለ ሳቀ። አምቡላንስ ውስጥ ሲያስገቡትም እየሳቀ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የማዕከሉ ኃላፊ ሽቦን አስጠራቻት። ኃላፊዋ ቃል የማታበዛ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታደርግ ሴት ናት። ሽቦ በመጮኋ ልትወቀስ መሰላት።

«ደዋዩ ስንት ጊዜ ነው የደወለው?»

«ሦስት ጊዜ። የፊተኞቹን ሁለቱን ሰምቼ ነበር» አለች ሽቦ። አልደበቀችም። «ስሙን አውቀው ነበር፤ አፍሬ ዝም አልኩ።»

ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች። «አንቺ አንድ ትንፋሽ ዝም አልሽ። እኛ ይህን ካርታ ከዘረጋን ጀምሮ ዝም ብለናል» አለች። «ሰው በጭንቅ ጊዜ የሚጠራው የወረቀቱን ስም አይደለም፤ አፉ የለመደውን ነው። እንዲህ ያለ ስም ያለው ስንት ሰፈር አለ?»

«እኔ የማውቀው የእኛን ነው።»

«ሌላውን እወቂዋ።»

ስትመለስ ሸጋው ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ፀጉሩ ተበታትኗል፤ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም።

«ሰው ልገድል ነበር» አላት።

«ሁለታችንም።»

ሸጋው ወደ ካርታው ጠቆመ። «የእኔ ሰፈር ካርታው ላይ ‹ምሥራቅ ጮራ› ነው የሚለው። ያደግኩበት ስሙ ግን ‹ጅብ ያሯሯጠው› ነው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ሽቦ ፈገግ አለች። ከሦስተኛው ጠረጴዛ አንዷ ማዳመጫዋን አወለቀች። «እኔማ የ‹ሚስት ያስፈታ› ልጅ ነኝ» አለች። «ዳገት ነው፤ ውሃ ቀድታ የምትወጣ ሴት ሁሉ ባሏን ፈትታ እናቷ ቤት ትገባ ነበር አሉ።» ከወዲያ አንዱ «እኛ ‹ቀኝ ኋላ ዙር› ነን፤ መንገዱ ግድግዳ ላይ ነው የሚያልቀው!» አለ። ሌላው «‹እግዜር ይርዳህ› መሻገሪያን የሚያውቅ አለ?» ሲል ሦስት ሰው እጁን አወጣ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በየጥሪው መሀል ክፍሉ ሰፈሩን ሲናዘዝ ዋለ።

ሽቦና ሸጋው ሁለት ወር ሙሉ ደብተር ይዘው ከተማውን በእግር አካለሉ። ታክሲ ነጂዎችን፣ ውሃ ቆጣሪ አንባቢዎችን፣ ፖስታ አዳዮችን፣ በር ላይ የሚቀመጡ አሮጊቶችን ጠየቁ። ሽቦ ስትጠይቅ መጀመሪያ የራሷን ትናገራለች። «እኔ የገሃነም ልጅ ነኝ። የእናንተስ?» ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ ወንበር ያወጣላታል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ስም ሰበሰቡ።

በዚህ መሀል ማዘጋጃ ቤቱ በስሙ ጉዳይ የገሃነምን ነዋሪ ሰበሰበ። ታፔላ ተካዩም ደረቱ በፋሻ እንደታሰረ መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። አንድ ሹም ተነሥቶ ስለ መልካም ስም ጥቅም ብዙ ተናገረ። ሲጨርስ የሽቦ እናት እጇን አወጣች።

«የእኔ ልጅ፣ በስሙ አልተጣላንም፤ የፈለግከውን ጻፍ» አለችው። «እኔን ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ወደ ገሃነም የሚወስደው መንገድ ሰፊ ነው ተብሎ ተጽፎ የለም እንዴ? የእኛን ማን አጠበበው?»

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ጭብጨባ ለረጅም ጊዜ አልቆመም። ታፔላ ተካዩ ቀስ ብሎ ተነሣና «እኔ ምስክር ነኝ፤ መንገዱም ይስፋ፣ ጉድጓዱም ይታጠር» አለ። በሁለት ወር ውስጥ እንጦሮጦስ ዙሪያውን አጥር ተሠራለት፤ ሲኦል ቁልቁለት ላይም የመንገድ መሥሪያ መኪና ወጣችበት። ጭስ በየቀኑ ዱላውን ይዞ ሥራውን ይቆጣጠር ነበር፤ ተቆጣጣሪ ያደረገው ሰው ግን አልነበረም።

አዲሱ ካርታ ሥራ ላይ የዋለ ዕለት ሽቦ እናቷን ማዕከሉ ድረስ ይዛ መጣች። እናቷ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አሥራ ሁለቱን ጠረጴዛ ሰላም ብላ፣ ሰባተኛው ላይ ተቀመጠች። ሽቦ ሸለቆውን አጉልታ አሳየቻት። ከላይ በትልቁ «ገሃነም» ይላል፤ ከሥሩ በትንሹ «ብሩህ ተስፋ»።

«የኛ ቤት የቱ ጋ ነው?»

ሽቦ አንዲት ቀይ ነጥብ አሳየቻት። እናቷ ዓይኗን አጥብባ፣ ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ብዙ አየች።

«ኧረ ልጄ፣ የጭስ ግቢ ውስጥ አስገባሽኝ እኮ! ወደ ግራ ሳብ አድርጊው።»

ሽቦ ወደ ግራ ሳበችው።

«ትንሽ ጨምሪ» አለች እናቷ። «በቃ። እዚያ ነው።»